ውጥንቅጥን ማጥናት፦ የጆርጆ ፓሪዚ የምርምር ዘመን



መዳብ ቀልጦ ሳለ ጥቂት ማንጋኒዝ ቢጨመርበትና ቢቀዘቅዝ፣ ለዓይን ያው መዳብ ነው። ሚስማር አይስብም። አምጡልኝ ብሎ የጠየቀው ገበያም አልነበረም። በ1970ዎቹ እንዲህ ያለውን ቅይጥ ይመረምሩ የነበሩት ጥቂት ቤተ ሙከራዎች ናቸው። ከዚያ ቅይጥ የተነሣው ጥያቄ ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ አእምሮ ነርቮች፣ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስና ወደ ንጹሕ ሒሳብ ተሻገረ፤ በ2021ም ለሮማዊው የፊዚክስ ሊቅ ለጆርጆ ፓሪዚ የኖቤል ሽልማትን ግማሽ አስገኘ። ሌላውን ግማሽ የምድርን የአየር ንብረት በስሌት ያጠኑት ስዩኩሮ ማናቤና ክላውስ ሃስልማን ተካፈሉት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ፓሪዚን የዛሬው ንግግሬ ርእስ ያደረግኋቸው በሥራ ዘመናቸው አካሄድ ምክንያት ነው። ከአቶም ውስጥ ቅንጣቶች ወደ ማግኔት፣ ከማግኔት ወደ በረዶ ዘመን፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ግንባታ፣ ከዚያም ወደ ወፍ መንጋ ተሻግረዋል። ከሩቅ ሲያዩት መስክ መቀያየር ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን በሄዱበት ሁሉ ይዘውት የሚዞሩት አንድ ጥያቄ አለ፦ እያንዳንዳቸው ቀላል የሆኑ ብዙ ነገሮች ሲሰበሰቡ፣ በመካከላቸውም ውጥንቅጥ ሲኖር፣ ከስብስቡ ምን ዓይነት ጠባይ ይወጣል? አብዛኛው የፊዚክስ ሰው ውጥንቅጡን ከስሌቱ ለማስወጣት ይደክም ነበር። ፓሪዚ ውጥንቅጡ ራሱ ሊሰላ የሚችል ውቅር እንዳለው አሳዩ። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

የተወለዱት በ1948 ሮም ውስጥ ነው። በዚያው ከተማ ሳፒየንዛ በሚባለው ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1970 ተመረቁ፤ የመመረቂያ ሥራቸውን የመሩት ኒኮላ ካቢቦ ነበሩ። ከ1971 እስከ 1981 ከሮም ወጣ ብላ በምትገኘው በፍራስካቲ ባለው ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሠሩ፤ በመሀሉም ኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ፓሪስ ቆይተዋል።

በ1977 ከጊዶ አልታሬሊ ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ብቻውን የአንድን ሰው ስም ለማስጠራት በቂ ነበር። ፕሮቶን ውስጥ ኳርኮችና ግሉኦኖች አሉ። ፕሮቶኑን በበለጠ ጉልበት በመታነው መጠን፣ ቀድሞ አንድ ሆኖ የታየን ኳርክ ግሉኦን ሲያወጣ፣ ግሉኦኑም ወደ ኳርክና ጸረ ኳርክ ሲከፈል እናያለን። ስለዚህ ውስጡ ያለው ቆጠራ በምንመለከትበት ጥራት ይለያያል። የአልታሬሊና የፓሪዚ ስሌት ቆጠራው በምን ሕግ እንደሚለዋወጥ ይናገራል፤ በሌኒንግራድም ግሪቦቭ፣ ሊፓቶቭና ዶክሺትዘር በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። ዛሬ ጄኔቭ አጠገብ ባለው ግዙፍ የቅንጣት ማጋጫ ሁለት ፕሮቶኖች ሲጋጩ ምን ሊወጣ እንደሚችል ለመተንበይ ይህ ስሌት የግድ ነው። ፓሪዚ በዚያው መስክ ቢቀሩ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ወደ ቅይጡ ልመለስ። ስታቲስቲካል ፊዚክስ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በማክስዌልና በቦልትዝማን እጅ ሲቀረጽ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ የእያንዳንዱን አቶም መንገድ መከተል አይቻልም፤ የብዙዎቹን የጋራ ጠባይ ግን በዕድል ስሌት ማወቅ ይቻላል። ዘዴው ወጥ በሆኑ ነገሮች ላይ ድንቅ ሆኖ ሠራ። ብረትን ውሰዱ። እያንዳንዱ አቶም ትንሽ ማግኔት ነው፤ ይህን ትንሽ ማግኔት ስፒን እንበለው። ሙቀቱ ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ስፒኖቹ በየአቅጣጫው ይዞራሉ፤ ከዚያ ሲወርድ እያንዳንዱ ጎረቤቱን ለመምሰል ስለሚሻ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያጋድላሉ። ጥያቄውም መልሱም ግልጽ ነው።

መዳብ ውስጥ የተበተኑ የማንጋኒዝ አቶሞች ግን እንዲህ አይስማሙም። በሁለቱ መካከል ያለው ግፊት እንደ ርቀታቸው ይገለባበጣል፤ በዚህ ርቀት ያሉት መመሳሰል ይፈልጋሉ፣ ትንሽ ራቅ ያሉት መቃረን፣ ደግሞ ራቅ ሲሉ እንደገና መመሳሰል። የተቀመጡበት ቦታ ደግሞ ዕጣ እንዳወጣው ነው።

ሠርግ ላይ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው አስቡ። ድንኳኑ ቀኝና ግራ አለው። የሚዋደዱትን በአንድ ወገን፣ የተኳረፉትን በተለያየ ወገን ማስቀመጥ አለበት። ሦስት እንግዶች እርስ በርሳቸው ተኳርፈው ቢመጡስ? ወገኑ ሁለት ነውና የትም ቢያስቀምጣቸው ሁለት ኩርፈኞች አንድ ወገን መገናኘታቸው አይቀርም። ሁሉን የሚያስደስት አቀማመጥ የለም። እንግዶቹ ሦስት መቶ ሲሆኑ፣ ሊኖሩ የሚችሉት አቀማመጦች ቁጥር በሚታየው ጠፈር ውስጥ አሉ ተብሎ ከሚገመቱት አቶሞች ይበልጣል። ከእነዚያም ውስጥ ጥሩነታቸው የሚቀራረብ፣ እርስ በርስ ግን የማይመሳሰሉ ብዙ አቀማመጦች ይገኛሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አንድ ሁለት ሰው ማዛወር አይበቃም፤ የድንኳኑን ግማሽ ማስነሣት ይጠይቃል፣ በመሀሉም ኩርፊያው ይብሳል። ስፒኖቹ እንደ እነዚህ እንግዶች ሁሉን የሚያስማማ አቀማመጥ የሚያጡበት ቅይጥ ስፒን ግላስ ይባላል። በ1972 ካኔላና ማይዶሽ ወርቅ ውስጥ ጥቂት ብረት ጨምረው ሲለኩ፣ ስፒኖቹ በአንድ በታወቀ ሙቀት ላይ በየተገኙበት አቅጣጫ እንደሚረጉ የሚያሳይ ስለታም ምልክት አገኙ። ከሩቅ ሲታዩ አቅጣጫቸው ምንም ሥርዓት የለውም፤ ግን ረግተዋል።

ችግሩ ስሌቱ ላይ ነበር። እያንዳንዱ የቅይጥ ቁራጭ የራሱ የአቶም አቀማመጥ አለው። ስለ ቅይጡ በጠቅላላ ለመናገር በሁሉም አቀማመጦች ላይ የአንድ ሎጋሪዝም አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህም በቀጥታ የሚሰላ አይደለም። በ1975 ሳም ኤድዋርድስና ፊሊፕ አንደርሰን ይህን ብልሃት አመጡ፦ የአንዱን ቅይጥ ብዙ ቅጂዎች እናስብ፤ ስሌቱን ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለማንኛውም ብዛት ቅጂ እንሥራ፤ በመጨረሻ የቅጂዎቹን ቁጥር ወደ ዜሮ እናውርድ። በዚያው ዓመት ዴቪድ ሼሪንግተንና ስኮት ኪርክፓትሪክ እያንዳንዱ ስፒን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር የሚገናኝበትን ሞዴል በዚሁ ብልሃት ፈቱ። መልሱ በፍጹም ዜሮ ሙቀት ላይ ኢንትሮፒው ለአንድ ስፒን −0.16 ገደማ ሆነ። ይህ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ኢንትሮፒ ማለት ሥርዓቱ ሊገኝባቸው የሚችሉ ሁኔታዎች ብዛት ሎጋሪዝም ነው፤ ቢያንስ አንድ ሁኔታ መኖሩ ስለማይቀር ከዜሮ በታች አይወርድም። ሁለቱ ሊቃውንት ጉድለቱን አልደበቁም፤ አሳተሙት። ሳይንስ የሚራመደው እንዲህ ባለ ታማኝነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባይገልጡት ኖሮ ቀጣዩ ሰው የሚይዘው ጫፍ ባልኖረ ነበር።

በ1978 ደ አልሜዳና ታውለስ ሕመሙ የት እንዳለ አገኙ፦ ሁሉም ቅጂዎች አንድ ናቸው በሚለው ግምት ላይ። ቅጂ ከቅጂ ምን ይለያል ያሰኛል። ግምቱ ግን ቅዝቃዜው ሲበረታ አይጸናም።

ፓሪዚ ነገሩን የያዙት እዚህ ላይ ነው። በ1979 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ የቅጂዎቹን ሠንጠረዥ በቡድን በቡድን ከፋፈሉት። አንድ ጊዜ ሲከፍሉት −0.16 የነበረው ጉድለት ወደ −0.01 ተጠጋ። ቡድኖቹን ዳግም ሲከፍሏቸው −0.004 ደረሰ። መክፈሉን ማለቂያ ወደሌለው ደረጃ ሲያደርሱት ጉድለቱ ጠፋ። ልብ በሉ፤ ይህ ሠንጠረዥ የቅጂው ቁጥር ወደ ዜሮ ሲወርድ ዜሮ ረድፍና ዜሮ ዓምድ ያለው ነው፤ እሱን ነው ማለቂያ ለሌለው ጊዜ እየከፈሉ ያሉት። በጊዜው የነበረ ጥንቁቅ የሒሳብ ሰው ይህን አይቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ምስክሩ ውጤቱ ነበር፦ የተገኙት ቁጥሮች በኮምፒውተር ከተሠሩ ስሌቶች ጋር ተስማሙ።

ቀመሩ እንጂ ትርጉሙ ገና አልተገኘም ነበር። ሰውየው ትክክለኛ መልስ በእጃቸው ይዘው መልሱ ስለ ተፈጥሮ ምን እንደሚል ለዓመታት ይመራመሩ ነበር። በ1983 ገለጡት። አንድን ስፒን ግላስ ሁለት ጊዜ ብናቀዘቅዘውና የረጋባቸውን ሁለት ሁኔታዎች ብናነጻጽር ምን ያህል ይመሳሰላሉ? በብረት መልሱ የተቆረጠ ቁጥር ነው። በስፒን ግላስ አንዴ በጣም ይመሳሰላሉ፣ አንዴ በመጠኑ፣ አንዴ ምንም፤ መልሱ ሰፊ ስርጭት ነው። ፓሪዚ የከፈሉት ሠንጠረዥ ለካ ይህን ስርጭት ይዞ ኖሯል።

በ1984 ደግሞ ከማርክ ሜዛር፣ ከኒኮላ ሱርላስ፣ ከዤራር ቱሉዝና ከሚጌል ቪራሶሮ ጋር ሆነው ከዚህ የሚደንቅ ነገር አገኙ። ከሁኔታዎቹ ማንኛቸውንም ሦስት ምረጡና በመካከላቸው ያሉትን ሦስት ርቀቶች ለኩ፤ ትልልቆቹ ሁለት ርቀቶች ሁልጊዜ እኩል ይሆናሉ። ካርታ ላይ ሦስት ከተሞችን መርጣችሁ ሞክሩት፤ አይሆንም። ይህ ሕግ የሚጸናው ነገሮች በግንድ፣ በቅርንጫፍና በቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲደራጁ ነው። አቶሞቹ በዕጣ ተበትነዋል፤ ሥርዓት ያስገባበት ማንም የለም፤ ሁኔታዎቹ ግን ቅርንጫፍ አውጥተው ተደራጅተው ተገኙ። በዘመናችን ፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚገርም ውጤት ጥቂት ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የሒሳብ ሰዎች ለማረጋገጥ ብዙ ዓመት ፈጀባቸው። እዚያው ሮም የሚሠሩት ፍራንቼስኮ ጉዌራ በ2003 የመንገዱን ግማሽ አሳዩ፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ታላግራን በ2006 ቀሪውን ጨርሰው የፓሪዚን ቀመር ሙሉ ለሙሉ አረጋገጡ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ 27 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማረጋገጫው ቁጥራቸው ወደ ዜሮ የሚወርድ ቅጂዎችን ብልሃት አልተጠቀመም፤ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ቀመር ላይ ደረሰ። የቅርንጫፉን ሥርዓት ደግሞ ዲሚትሪ ፓንቼንኮ በ2013 አረጋገጡ። ታላግራን በ2024 የአቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ሐሳቡ ከመዳብ የወጣው ግን የሒሳብ ሰዎችን ሳይጠብቅ ነው። በ1982 ጆን ሆፕፊልድ ስፒኑን በነርቭ ተክተው፣ እያንዳንዱ የረጋ ሁኔታ አንድ ትዝታ የሚሆንበትን መረብ አቀረቡ። እንዲህ ያለ መረብ ስንት ትዝታ ይይዛል? በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዳንኤል አሚት፣ ሃኖክ ጉትፍሮይንድና ሐይም ሶምፖሊንስኪ ለስፒን ግላስ በተሠራው ዘዴ አሰሉት፦ ለሺህ ነርቮች ወደ 138 ትዝታዎች፤ ከዚያ ሲያልፍ መረቡ የያዘውን ሁሉ ያጣል። ሆፕፊልድ በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ ከጀርባቸው ይህ ሁሉ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ሥራ ነበር። ፓሪዚም ራሳቸው በ2002 ከሜዛርና ከሪካርዶ ዜኪና ጋር፣ እርስ በርስ የሚጋጩ ብዙ ሺህ ቅድመ ሁኔታዎችን አንድ ላይ የማሟላት የኮምፒውተር ችግርን በዚሁ መንገድ የሚፈታ ስልት አሳትመዋል።

አሁን ውጥንቅጡን በሌላ መልኩ ልያዘው፤ በጊዜ ውስጥ የሚመጣ የዘፈቀደ መዋዠቅ ሆኖ። ምድር በየ100,000 ዓመቱ ገደማ ወደ በረዶ ዘመን ገብታ ትወጣለች። ምሕዋሯም በዚያው ልክ ቅርጹን በጥቂቱ ይለውጣል። ለውጡ በዓመት ከፀሐይ በሚደርሰን ሙቀት ላይ የሚያመጣው ልዩነት ግን ከአንድ በመቶ በታች ነው። ይህ ትንሽ ነገር ያን የሚያህል ለውጥ እንዴት ያመጣል? ፓሪዚ ከሮቤርቶ ቤንዚ፣ ከአልፎንሶ ሱቴራና ከአንጄሎ ቩልፒያኒ ጋር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት መልስ ይህ ነው፦ የአየር ንብረቱ ሁለት የረጉ ሁኔታዎች አሉት እንበል። ደካማው ግፊት ብቻውን ከአንዱ ወደ ሌላው አያሻግርም፤ የዘፈቀደ መዋዠቁም ብቻውን ቢያሻግር ጊዜ አይጠብቅም። መጠኑ ተስማሚ ሲሆን ግን ሁለቱ ይተጋገዛሉ፣ መሻገሩም ከደካማው ግፊት ጋር እኩል ይራመዳል። የበረዶ ዘመን ምሥጢር በዚህ ተፈትቷል ማለት አይቻልም፤ ዛሬ በመስኩ ያሉት ሊቃውንት ሌሎች ምክንያቶችን አብረው ያያሉ። ዘዴው ግን በሌዘርና በእንስሳት የስሜት ነርቮች ላይ በሙከራ ታይቷል። መዋዠቅ ምልክትን እንደሚያጠፋ ብቻ ለተማርን ሰዎች፣ ደካማ ምልክትን እንደሚያጎላ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ከተማሪያቸው ጋር በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ በዘፈቀደ የምትናወጥ ጥቃቅን ቅንጣት ሞቃትና ቀዝቃዛ በሚፈራረቁበት ቦታ ላይ ስትሆን እንደ ሞተር ሥራ ልትሠራ እንደምትችል፣ ብቃቷም እንዴት እንደሚሻል የሚያሰላ ነው። ከመዋዠቅ ሥራ ማውጣት ማለት ነው። እኚህ መምህር በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው እስር ቤት ውስጥም ማስተማራቸውን ያልተዉ ናቸው፤ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በ2012 የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማትን ሰጥቷቸዋል። ቀደም ብዬ የጠራኋቸው አርጀንቲናዊው ሚጌል ቪራሶሮም ከ1995 እስከ 2002 ትሪየስቴ ያለውን ዓለም አቀፍ የቴዎሪ ፊዚክስ ማእከል መርተዋል። ማእከሉን በ1964 የመሠረቱት ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም ከድሀ አገሮች የሚመጣ ተመራማሪ ብቻውን እንዳይቀር ብለው ነው፤ የእኛም የፊዚክስ መምህራን ትሪየስቴን በደንብ ያውቋታል። ፓሪዚ በ1999 የዲራክ ሜዳሊያን የተቀበሉት ከዚሁ ማእከል ነው።

አሁን ወደ ወፎቹ። በክረምት ስታርሊንግ የሚባሉ ወፎች ቀኑን ሮም ዙሪያ ገጠር ውለው ማታ ለማደር ወደ ከተማዋ ይገባሉ። ከማደራቸው በፊት በሺህ የሚቆጠሩት በአንድነት እየተጠማዘዙ ሰማዩን ይሞሉታል። መሪ የላቸውም። ጭልፊት ሲመጣ መንጋው ይሰነጠቃል፣ ይዘረጋል፣ ደግሞ ይገጥማል። ፓሪዚ፣ አንድሬያ ካቫኛ፣ አይሪን ጃርዲናና ባልደረቦቻቸው ከ2005 ጀምሮ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው በፓላዞ ማሲሞ ቤተ መዘክር ጣራ ላይ ካሜራዎች ተከሉ። በተለያየ ቦታ የቆሙ ካሜራዎች በአንድ ቅጽበት ፎቶ ያነሣሉ፤ ከዚያ በአንዱ ፎቶ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ በሌላው ፎቶ ላይ ካሉት ሺህ ነጥቦች የትኛዋ እንደሆነች መለየት ነው። ፈተናው ያ ነበር። እሱ ሲፈታ የእያንዳንዱን ወፍ ቦታ በሦስት ልኬት ለመጀመሪያ ጊዜ በትላልቅ መንጋዎች ውስጥ ማየት ተቻለ።

በ2008 የታተመው ውጤት የነበረውን ግምት ገለበጠ። በኮምፒውተር የወፍ መንጋ የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዷ ወፍ በተወሰነ ሜትር ውስጥ ያሉትን ሁሉ ትከተላለች ብለው ያስቡ ነበር። ስታርሊንግ ግን ሜትር አትቆጥርም፤ ቅርብም ሆኑ ሩቅ፣ ስድስት ወይም ሰባት የሚሆኑ የቅርብ ጎረቤቶቿን ነው የምትከተለው። ጥቅሙን አስቡት። ጭልፊት መጥቶ መንጋው ሲሰፋ፣ በሜትር ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ከክልል ይወጣና መንጋው ይበተናል፤ በቁጥር ስለሆነ ግን ቢሰፋም ትስስሩ አይበጠስም። መንጋው ከዳር ጥቅጥቅ፣ ከመሀል ሳሳ ያለ ሆኖም ተገኘ። ይህን ሁሉ ያገኙት ሰዎች ስፒን ላይ የተካኑ ነበሩ፤ ለእነሱ የምትዞር ወፍ ጎረቤቷን ለመምሰል የምትሻ አንዲት ስፒን ናት።

ሌላም ብዙ አለ፤ በ1986 ከመህራን ካርዳርና ከዪቼንግ ዣንግ ጋር ስለሚያድጉ ጠርዞች የጻፉት ስሌት ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ሆኗል፣ ከካቢቦ ጋር ለቅንጣት ፊዚክስ ስሌት ኮምፒውተር አስገንብተዋል። ከ1981 ጀምሮ በሮም ቶር ቬርጋታ፣ ከ1992 ጀምሮ በሳፒየንዛ አስተምረዋል፤ በ1603 የተመሠረተውን የሊንቼይ አካዳሚ ከ2018 እስከ 2021 መርተዋል፤ በ2016ም መንግሥታቸው ለምርምር የሚመድበው ገንዘብ አነሰ ብለው በይፋ ተሟግተዋል። በዚህ ክርክራቸው ከልቤ እስማማለሁ። በ1979 የመዳብና የማንጋኒዝ ቅይጥ ለምን ይጠቅማል ተብሎ ተጠይቆ ቢሆን፣ የነርቭ መረብም የወፍ መንጋም ብሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም።

ተማሪዎቻችን እንዲይዙት የምፈልገው አንድ ነገር ገና ክርክር ላይ ነው። ታላግራን ያረጋገጡት ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚገናኝበትን ሞዴል ነው። እውነተኛው ቅይጥ ግን ሦስት ልኬት ብቻ ባለው ዓለም ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ቅርብ ቅርቡ ይበልጥ ይነካካል። በዚያ የፓሪዚ ብዙ ሁኔታዎችና ቅርንጫፎቻቸው አሉ ወይ? ዳንኤል ፊሸርና ዴቪድ ሁዝ በ1986 የሉም አሉ፤ በእነሱ አመለካከት መሠረታዊው ሁኔታ አንድና ግልባጩ ብቻ ነው፣ የቀረው በውስጡ የሚገላበጡ ትናንሽና ትላልቅ ክልሎች ናቸው። ጉዳዩን ለመለየት የስፔንና የጣሊያን ተመራማሪዎች በተለይ ለስፒን ግላስ ስሌት የተበጀ ያኑስ የተባለ ኮምፒውተር ሠርተው በ2008 ሥራ አስጀመሩ፤ ተተኪውም ተሠርቷል። ውጤቶቹ ብዙ ጊዜ ወደ ፓሪዚ ያዘነብላሉ፤ የሌላው ወገን ሊቃውንት ግን የተሰላው ቁራጭ ገና ትንሽ ነው ይላሉ። የሒሳብ ማረጋገጫ በሁለቱም በኩል የለም። ከእናንተ መካከል ወረቀትና እርሳስ ይዞ በዚህ ላይ የሚቀመጥ ካለ፣ መነሻው የ1975ቱ የኤድዋርድስና የአንደርሰን ሞዴል ነው፤ አጻጻፉ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።